ፌሩዝ የማን ሠራተኛ ናት?

መንገድ የቸኮለን ሰው አትወድም። ሐጅ መንሱር ይህን ያረጋገጡት በአንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ካምፓላ ውስጥ ናካዋ ገበያ ፊት ለፊት ቆመው ነው። የጂንጃ መንገድ ከዳር እስከ ዳር በመኪና ታጭቋል፤ ቦዳ የሚባሉት የሞተር ሳይክል ታክሲዎች ሞተራቸውን እያስጮሁ በመኪናው መሐል ይሽሎከለካሉ፤ ሰማዩም ጠቁሯል። እሳቸው ንቲንዳ መድረስ አለባቸው፤ ያውም ቶሎ። ወደ ታክሲው ማቆሚያ ይራመዱና ይመለሳሉ፤ ስልካቸውን ያወጡና ሳያዩት መልሰው ኪሳቸው ይከታሉ። ቦዳ እንዳይጠሩ ጉልበታቸው እሺ አይልም። ዕቃ የሚያመላልስላቸው ረድዋን በፒካፑ ያደርሳቸው ነበር፤ እሱ ደግሞ ዛሬ የሌላ ሰው ሶፋ ጭኖ ሙኮኖ ሄዷል።

ሐጅ መንሱርን ለማታውቋቸው ላስተዋውቃችሁ። የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ካምፓላ ከገቡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ናካዋ ውስጥ መጋረጃና መጅሊስ የሚሰፋበት ወርክሾፕ አላቸው። መጅሊስ ያ ግድግዳውን ተከትሎ ወለል ላይ የሚዘረጋው የዓረብ መቀመጫ ነው፤ እዚህ የኛ ሰው ያለ እሱ ሰርግ አይደግስም። እጃቸው ለጋስ ነው፣ ምላሳቸው ፈጣን ነው፣ ልባቸው ደግሞ እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ቶሎ ይፈላል።

ያን ቀን ያስጨነቃቸው ይህ ነው። የደንበኛቸው የፈርሃና ልጅ ቅዳሜ ትዳራለች። ለሙሽራዋ ቤት የታዘዘው መጅሊስ ጨርቁ ተቆርጦ ወርክሾፑ ወለል ላይ ተከምሯል እንጂ አልተሰፋም። የምትሰፋው ፌሩዝ ናት፤ ከአሥመራ የመጣች፣ ወፍራሙን ጨርቅ ጠርዙ ሳይሸበሸብ የምታወጣ እጀ ወርቅ ሴት። ፌሩዝ ዛሬ ጠዋት አልመጣችም። ሲደውሉላት ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ የሌላ ሰው ሥራ መያዟንና እስከ ቅዳሜ እንደማይመቻት ነገረቻቸው። ፈርሃና ደግሞ መጅሊሱን ሐጅ መንሱር እንደሚሠሩት ለግማሽ ካምፓላ አውርታለች። ሙሽራዋ ባዶ ወለል ላይ ከተቀመጠች የሐጂ ስም አብሮ መሬት ይወድቃል፤ ለዒድ የሚጠብቁት ትእዛዝ ሁሉ ወደ ሌላ ሰፊ ይሄዳል። ስለዚህ ፌሩዝን ቤቷ ድረስ ሄደው ሊገስጿት ተነሡ።

ረዳቱ «ንቲንዳ! ንቲንዳ!» እያለ የሚጣራበት ታክሲ ሲመጣ እየተጋፉ ገቡ። ሲቀመጡ አጠገባቸው ያለችው ልጅ ተነሥታ እጃቸውን ሳመች። የድሮ ጎረቤታቸው የሉቅማን ልጅ ኻሊዳ ነበረች። እዚሁ ካምፓላ ተምራ፣ ቡጎሎቢ አንድ ድርጅት ውስጥ የሠራተኞችን ጉዳይ ትይዛለች፤ ከሥራ ወጥታ ንቲንዳ ወዳለው ቤቷ መሄዷ ነው።

«ሐጂ፣ መቁጠሪያው ምን አደረገዎት? እንደዚህ ከጎተቱት ክሩ ይበጠሳል» አለች እየሳቀች።

ሐጅ መንሱር ጣታቸውን አዩት። እውነትም ዚክር አልነበረም የያዙት። ከዚያ የሆዳቸውን ዘረገፉላት፤ ስለ ሰርጉ፣ ስለ ጨርቁ፣ ስለ ፌሩዝ ክህደት፣ ባለፈውም ልጇ ወባ ይዟት ስለ ቀረችበት ቀን። ታክሲው አንድ ክንድ ይራመድና ይቆማል፤ እሳቸው ግን አይቆሙም። ኻሊዳ እስኪጨርሱ ጠበቀችና አንድ ነገር ጠየቀች።

«ፌሩዝ ቅጥር ሠራተኛዎ ናት ወይስ በቁርጥ የምትሠራ ተቋራጭ?»

«ሁለቱም ናት።»

«ሁለቱንም መሆን አትችልም እኮ ሐጂ።»

«ለምን አትችልም? አባቶቻችን ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ብለዋል።»

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ያሉትም እነሱ ናቸው።»

ከኋላ የተቀመጠ አንድ አማርኛ የሚሰማ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሐጂ ዞር ብለው ገላመጡት።

ነገሩ ከየት እንደ መጣ ያወጡት ያኔ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት፣ ለሠራተኞቹ የጡረታ መዋጮ የማይከፍል ማን እንደ ሆነ የሚያጣሩ ሰዎች በየሱቁ ይዞራሉ የሚል ወሬ ናካዋን አመሰው። ሐጂ እንቅልፍ አጡ። ጨርቅ የሚሸጠው ጎረቤታቸው ሙሀነድ ሻይ እየጠጣ መድኃኒቱን ነገራቸው። ወረቀት አስፈርማቸው፤ እኔ የራሴ ጌታ ነኝ፣ የማንም ተቀጣሪ አይደለሁም ይበሉ፤ ከዚያ ወዲያ መዋጮ የለ፣ የዓመት ፈቃድ የለ፣ የሕመም ክፍያ የለ። ሐጂ ደስ አላቸው። ወረቀቱን አስፈረሙ። ከወረቀቱ በቀር ግን ምንም አልተለወጠም። ፌሩዝ እንደ ድሮው ጠዋት በሁለት ሰዓት ትገባለች፣ በእሳቸው ማሽን ትሰፋለች፣ የሌላ ሰው ጨርቅ ይዛ ብትገኝ ፊታቸው ይጠቁራል።

«ሠራተኛ ብያቸው አላውቅም ደግሞ» አሉ ሐጂ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው። «ልጆቼ ናቸው። የኛ አገር ሥርዓት ይኸው አይደለም እንዴ? እኔ በጌታዬ ሱቅ ጢሜ እስኪያቀመቅም ስሠራ ደመወዝ የሚባል ቃል አልሰማሁም። ከሚበላው አበላኝ፤ ከሚለብሰው አለበሰኝ። ሚስት እንኳ ያጨልኝ እሱ ነው። በመጨረሻም፣ ሂድ የራስህን ክፈት፣ አላህ ያብጅልህ ብሎ ዕቃ ሞልቶ ሰደደኝ። ይሄን ትምህርት ቤት አላስተማሩሽም?»

የተማረ ልጅ ሁሉ የአባቱን ሥርዓት ለመናቅ ይቸኩላል ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ኻሊዳ አከበረችው።

«ደግ ሥርዓት ነበር» አለች። «ውል አልነበረውም፣ ግን ሁለት ወገን ነበረው። እርስዎ ጉልበትዎን ሰጡ፣ እሳቸው ደግሞ ኑሮዎን ተሸከሙ። ሲታመሙ ምን አደረጉልዎት?»

«አልጋዬ ሥር ተቀምጦ አደረ። አላህ ይዘንለት።»

«ባለፈው የፌሩዝ ልጅ ወባ ይዟት ስትቀር ምን አሏት?»

ሐጅ መንሱር በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ሮሌክስ የሚባለውን በእንቁላል የሚጠቀለል ቂጣ የሚጠብስ ሰው ዝናቡ ሳይመጣ ብሎ እንቁላሉን እየሰበሰበ ነው። ስልካቸው ጠራ፤ ፈርሃና ናት። አላነሡትም።

«ወረቀቱ እንዲህ ይላል አልኳት» አሉ በመጨረሻ። «የራስሽ ጌታ ነሽ፤ ያልሠራሽበትን አልከፍልም አልኳት።»

«ዛሬ እሷ ምን አለችዎት?»

«ያንኑ አለችኝ። ቃል በቃል።»

ልጆቼ፣ ሰው በገዛ አፉ ሲረታ ማየት ደስ አይልም፤ በተለይ ሽማግሌ ሲሆን። ኻሊዳም አላፌዘችባቸውም። ፈርሃና ደግማ ደወለች። ሐጂ በዚህ ጊዜ አነሡና፣ መንገድ ላይ ነው፣ እየደረሰ ነው ብለው ዘጉት። መንገድ ላይ የነበሩት እሳቸው እንጂ መጅሊሱ አልነበረም።

እልኽ ግን ቶሎ አይለቅም። እንዲህ ከሆነ ሁሉንም ቅጠር ልትዪኝ ነው ወይ ብለው ተነሡባት። ኻሊዳም በመጽሐፍ እንደ ተማረችው፣ አዎ፣ ከበር ጠባቂው እስከ ዕቃ ጫኙ በውልና በደመወዝ ቢይዟቸው ነው የሚሻለው አለች። ያን ቀን ሐጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

«ረድዋንንም? እሱን በደመወዝ ባስረው በበነጋታው ጂንጃ ገብቶ ነው የማገኘው። ፒካፑ የራሱ ነው፤ ሲበላሽ የሚያሠራው በራሱ ገንዘብ ነው። በእያንዳንዱ ጉዞ ይከራከረኛል፤ እኔም እከራከረዋለሁ፤ ሁለታችንም ደስ ይለናል። ሲደክመው የአክስቱን ልጅ ይልክልኛል። እኔ ዕቃው ሳይቀደድ መድረሱን እንጂ መሪውን ማን እንደ ያዘው ምን ያገባኛል? ቅጥርማ ቢሆን ዛሬ ሙኮኖ ምን አስኬደው?»

«እዚህ ላይ ረቱኝ» አለች ኻሊዳ ሳትደብቅ። «ረድዋን የእውነት ተቋራጭ ነው። እሱን መቅጠር ለሁለታችሁም ኪሳራ ነው።»

«አየሽ!»

«ፌሩዝስ? ሲደክማት እህቷን ብትልክ ይቀበላሉ?»

«የእህቷን እጅ ምን ላደርገው? እኔ የምፈልገው የእሷን እጅ ነው። ያውም በሁለት ሰዓት፣ በእኔ ማሽን፣ እኔ ባልኳት አሰፋፍ...»

ሐጂ አፋቸው ላይ ያለውን ቃል ሰሙትና አቋረጡት። ኻሊዳም ዝም አለች። አስተማሪ ዝም ማለት የሚገባው ተማሪው ራሱ መልሱን ሲደርስበት ነው፤ እሷ ይህን ታውቃለች።

ዝናቡ ወረደ። ታክሲው ጭራሽ ቆመ። ሐጂ በእግሬ እሄዳለሁ ብለው ተነሡ፣ ዝናቡን አይተው ተቀመጡ፣ እንደገና ተነሡ። ረዳቱ በሉጋንዳ አንድ ነገር ተናግሮ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ተመልሰው ሲቀመጡ የቀራቸውን መከላከያ አነሡ፤ እሱም ወጪ ነው። ከደመወዟ ላይ ለጡረታ ከመቶ አሥር ከየት አመጣለሁ? ፈቃድ ላይ ስትሆን ማሽኑ ባዶውን ሲቆም ማን ይከፍለኛል? ኻሊዳም ወጪ የለውም ብላ አላታለለቻቸውም። ያ ወጪ በሥራው ዋጋ ውስጥ አስቀድሞ መግባት የነበረበት ነው፤ እስካሁን ግን ፌሩዝ ከኪሷ ስትሸፍንልዎ ቆይታለች አለቻቸው። ደግሞም ነገሩ ዳኛ ፊት ቢደርስ ዳኛው የሚጠይቀው ወረቀቱ ምን ይላል ብሎ ብቻ አይደለም፤ ሥራው በእውነት እንዴት እንደሚሠራ ያያል። ያን ጊዜ የከረመው መዋጮ ከነቅጣቱ ይመጣል።

«ለዒድ ሥራ ሲበዛስ? ያን ሁሉ ሰፊ ቀጥሬ ከዒድ በኋላ ምን ላበላቸው ነው?»

«እነሱን አይቀጥሯቸውም። የራሳቸው ማሽን ላላቸው ሰፊዎች ትራሱን በቁጥር፣ በቁርጥ ዋጋ ይስጧቸው። ቤታቸው ይስፉ፣ በፈለጉት ሰዓት ይስፉ፣ የሌላም ይያዙ። እርስዎ ቀኑንና ጥራቱን ብቻ ይጠይቁ። ዓመቱን ሙሉ የሚፈልጉትንና ራስዎ የሚያዙትን ሰው ግን ይቅጠሩ። ተቋራጭ ያሉትን እንደ ሎሌ ማዘዝ፣ ሠራተኛ ያደረጉትን ደግሞ በችግሩ ቀን አላውቅህም ማለት፣ እሱ ነው ጥፋቱ።»

ሐጂ ከዚያ በኋላ እስከ ንቲንዳ የተናገሩት በልባቸው ነው። ሙሀነድን ሲሰድቡት፣ ራሳቸውን ሲሟገቱ፣ ጌታዬ ቢኖር ምን ይለኝ ነበር ሲሉ ነበር። አንዱ ሐሳብ ሳያልቅ ሌላው ይገባል፤ መሐል ላይ ደግሞ ያ ያልተሰፋ ጨርቅ ይመጣባቸዋል።

ንቲንዳ ሲወርዱ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ኻሊዳ ልሸኝዎ ብላ ተከተለቻቸው። ፌሩዝ የምትኖረው ከሱፐርማርኬቱ ጀርባ፣ ጭቃውን በጡብ ተሻግረው በሚደርሱበት ግቢ ውስጥ ነው። በሩ ክፍት ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አረንጓዴ መጋረጃ ተዘርግቶ፣ ፌሩዝ መሐሉ ላይ በእግር የሚረገጥ ማሽኗን ታንቀጠቅጣለች። ሐጂን ስታይ ተነሣች፤ ወንበሩን ጠርጋ ሰጠቻቸው። ክብሯ አልጎደለም፤ ፊቷ ግን ተዘጋጅቶ የጠበቀ ሰው ፊት ነው።

ሥራው ሀብቶም ለሚባል ሰው እንግዳ ማረፊያ የሚሆን መጋረጃ ነበር። ሀብቶም ዛሬ ማታ ይረከባል ብላ ቃል ገብታለች፤ ለነገም ሌላ ሊያመጣላት ተነጋግረዋል።

«ለእኔስ ቃል አልገባሽልኝም?» አሉ ሐጂ። ያን ሁሉ መንገድ የተማሩት በአንድ ጊዜ ከአፋቸው ጠፋ።

«እርስዎ ያስገቡኝ ቃል፣ የማንም ተቀጣሪ አይደለሁም የሚል ነው፣ ኣቦይ ሐጂ» አለች ፌሩዝ። «እኔ ጠብቄዋለሁ።»

ኻሊዳ በሩ ላይ ቆማለች። ሐጂ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን አሹ። ስልኩ ጠራ፤ አጠፉት። ከዚያ ሰው ሲሸነፍ ሳይሆን ሲወስን በሚናገርበት ድምፅ ተናገሩ።

«ያ ወረቀት ውሸት ነበር። የራስሽ ጌታ ብዬ አስፈርሜሽ እኔው ጌታሽ ሆኜ ኖርኩ። ልጅሽ ስትታመም ያልኩሽን አላህ ይቅር ይበለኝ፤ አንቺም ይቅር በዪኝ። ያን ቀን የቆረጥኩብሽን እመልሳለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ከፈቀድሽ ልቅጠርሽ፤ በደመወዝ፣ በፈቃድ፣ በጡረታ። ካልፈቀድሽም እውነተኛ ተቋራጭ ሁኚ፤ ዋጋሽን አንቺ ንገሪኝ፣ በሰዓትሽ ጣልቃ አልገባም። አንዱን ምረጪ። ሁለቱን ያደባለቅኩት እኔ ነኝ።»

ፌሩዝ ክሩን ከጣቷ ላይ ቀስ ብላ ፈታች። ወዲያው አላመነችም፤ ማመንም አልነበረባት። ልጄ ብትታመም ደመወዜ ይቆረጣል ወይ ብላ ጠየቀች። አይቆረጥም አሏት። ከሥራ ሰዓት በኋላ ለሌላ ብሰፋስ አለች። እዚህ ላይ ሐጂ አመነቱ፤ ወደ ኻሊዳ አዩ፤ ኻሊዳ ጣሪያውን ታያለች።

«ከሥራ ሰዓት በኋላ እጅሽ የራስሽ ነው» አሉ እየከበዳቸው። «ደንበኛዬን ብቻ አትውሰጂብኝ።»

«ይጻፍልኝ።»

«ይጻፋል። በምታነቢው ቋንቋ።»

«እንግዲያው ቅጥር ይሻለኛል። ልጅ ያላት ሴት በየወሩ የሚመጣውን ማወቅ አለባት። ሀብቶምን ግን ዛሬ አላሳፍረውም። ይሄን ሳልጨርስ አልነሳም፤ የነገውን ግን እንዲያቆየው ዛሬውኑ እለምነዋለሁ።»

ሐጂ የቀረውን መጋረጃ በዓይናቸው ለኩት። የቆዩት ሐጅ መንሱር ቢሆኑ፣ የሀብቶም ቢቀርስ፣ የእኔ ሰርግ ነው ይሉ ነበር። የአሁኑ ኮታቸውን አውልቀው በር ላይ ሰቀሉና መርፌ ጠየቁ። እጅጌያቸውን ሰብስበው የመጋረጃውን ግርጌ በእጅ ማጠፍ ጀመሩ።

«ስንት ትከፍዪኛለሽ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«በቁርጥ ነው ሐጂ። ስፌቱ ከጠመመ ፈትተው በራስዎ ሰዓት ይሰፉታል፤ ለእሱ ክፍያ የለም።»

ኻሊዳ ሳቋን መያዝ አቃታት። ሐጂም ሳቁ፤ ግን ያጠፉትን ጠርዝ ብርሃን ላይ ወስደው ሁለተኛ አዩት። የተቋራጭ ኪሳራ የራሱ መሆኑን በጣታቸው አወቁት። መጋረጃው ከመግሪብ በፊት አለቀ። ዓርብ ፌሩዝ ወርክሾፕ ገባች፤ ትራሶቹን ኢሕሳን የምትባል ባለ ማሽን ሴት ቤቷ በቁርጥ ወሰደቻቸው። ቅዳሜ ጠዋት ረድዋን መጅሊሱን ጭኖ፣ በዋጋው እንደ ልማዱ ተጨቃጭቆ፣ ፈርሃና በር ላይ አራገፈው። ፈርሃና በመዘግየቱ ተቆጥታ ነበር፤ ስታየው ግን ቁጣዋን ረሳችው።

አሁን ወርክሾፑን ብታዩት ለውጡ ይገባችኋል። ሐጂ መዋጮውን ይከፍላሉ፤ ሲከፍሉም ያማቸዋል፤ ግን ተቆጣጣሪ መጣ ሲባል ከኋላ በር አይወጡም። ማሽኑ ሰው አጥቶ አይውልም። ትእዛዝ ሲቀበሉ ሰፊዬ ትመጣ ይሆን ብለው አይባንኑም። ረድዋን ነጻነቱ አልተነካም፤ ዋጋው ግን ዕቃው ሳይጫን በፊት ይቆረጣል። ኢሕሳን የሌሎችንም ሥራ ትይዛለች፤ ማንም ፊት አያጠቁርባትም። ልጆቼ፣ እናንተም ሱቅ የከፈታችሁ ወይም ልትከፍቱ ያሰባችሁ፣ ሰው ስትይዙ አስቀድማችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ የምፈልገው የተሠራውን ነገር ነው ወይስ ሰዓቱን፣ እጁንና ታዛዥነቱን? የተሠራውን ብቻ ከሆነ በቁርጥ ተስማሙና ልቀቁት። እሱን ራሱን ከሆነ ግን ክፉ ቀኑንም አብራችሁ ያዙ። ርካሽ መስሏችሁ ሁለቱን አትቀላቅሉ፤ ኋላ ውድ የሚሆንባችሁ እሱ ነው።

ውሉ የተፈረመ ሰኞ የሆነውን ነግሬያችሁ ላብቃ። ኻሊዳ የጻፈችውን ፌሩዝ ከላይ እስከ ታች አነበበችውና ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። ማንኛውም ወገን ውሉን ሲያፈርስ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል ይላል።

«ልትሄጂ ነው እንዴ ገና ሳትገቢ?» አሉ ሐጂ፤ ልባቸው እንደገና መፍላት ጀመረ።

«አንድ ቀን የራሴን እከፍታለሁ። አልደብቅዎትም።»

ሐጂ ወደ መንገዱ አዩ፣ ወደ ማሽኑ አዩ፣ ተነሥተው ደግሞ ተቀመጡ።

«እንዲያ ከሆነ ወር አይበቃኝም። እንዳንቺ ያለ ሰው በወር አይገኝም፤ ሁለት ወር ይሁን።»

«ለሁለታችንም?» አለች ፌሩዝ። «እርስዎም ሊያሰናብቱኝ ሲፈልጉ ሁለት ወር?»

ሐጅ መንሱር ጢማቸውን ያዙ። ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይጮሃል፤ አንድ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ቸኩለው ነበር፤ ግን ይህን አንዱን ሳይቸኩሉ መለሱት።

«ለሁለታችንም» አሉ።

ኻሊዳ አንዱን ሰረዘችና ሁለት ብላ ጻፈች።